አክተሩ አይሞትም ይሉን የነበሩት ጋሽ ይማም

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ በደሴም፣ በዐረብ አገርም ሆናችሁ ጋሽ ይማምን የምታውቁ ሁሉ፤ ይህን ጽሑፍ ብቻችሁን ሆናችሁ የምታነቡ ከሆነ ጥቂት ቆዩና አጠገባችሁ ያለውን ሰው ጥሩት። በእኛ አገር መርዶ ለብቻ አይሰማም። ጋሽ ይማም ባለፈው የገበያ ቀን ማግስት፣ አሱርን ሰግደው በተቀመጡበት አርፈዋል። ጀናዛቸው በነጋታው ጠዋት ወጥቶ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃሬዛቸውን እየተቀባበለ ወደ መቃብራቸው ሸኝቷቸዋል። ላዘናችሁ ሁሉ አላህ ያጥናችሁ፣ እግዚአብሔር ያጥናችሁ፤ ለእኔም እንዲሁ በሉኝ።

እኔ አስካለ ነኝ፤ ከቪዲዮ ቤታቸው ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የምትዋሰነው ሻይ ቤት ባለቤት። ግድግዳው ስስ ስለነበር የዕድሜዬን እኩሌታ እሳቸውን ስሰማ ኖሬአለሁ። የሞተ ሰው ሲመሰገን ውሸት ይበዛል፤ እኔ ደግሞ ውሸት አልወድም። ስለዚህ አንዱን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ የአሜሪካንን ፊልም ሁሉ በአማርኛ ሲያጫውቱን የኖሩት ጋሽ ይማም እንግሊዝኛ እምብዛም አይችሉም ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ሳቁና «ያለውንማ እሱ ራሱ እየተናገረ ነው። እኔ የምናገረው ሊል የፈለገውን ነው» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተከራከርኳቸውም፤ ግን አላመንኳቸውም።

ነገሩ የሚጀምረው ደሴ ነው። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ጋሽ ይማም ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ ደሴ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት ወንበር ጠራጊ፣ ትኬት ቀዳጅ፣ በኋላም የፊልም መሣሪያው ረዳት ሆነው ሠርተዋል። የሚታየው የህንድ ፊልም ነበር፤ የጣሊያን ካውቦይ ነበር። አንድ ቀን ግን በሸራው ላይ አንድ ጥቁር ሰው፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ረጅም የቆዳ ካፖርት ለብሶ፣ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ ሲወጣ አዩ። ይህን ታሪክ ሲያወሩ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ቆም ይላሉ። «በሩን የከፈተለት ነጭ ነበር፣ አስካለ። እስከዚያ ቀን ድረስ በፊልም ውስጥ እኛን የሚመስለው ሰው በር ከፋች ነው። ዕቃ ተሸካሚ ነው። አለዚያም ፊልሙ ገና ሳይሞቅ የሚሞት ነው። ያን ቀን ወንበር መጥረጌን ትቼ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።»

እነዚያን ፊልሞች ከሌላው ሁሉ ለይተው የወደዷቸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው። ከሬዲዮም፣ ከመጽሔትም፣ ወደ ደሴ ብቅ ይል ከነበረ ተማሪም የሰሙትን አጠራቅመው፣ ኋላ በቪዲዮ ቤታቸው ፊልም ከመጀመሩ በፊት ማይክራፎናቸውን ይዘው ያስረዱን ነበር። በአሜሪካ ጥቁሮቹ ለመብታቸው የታገሉበት፣ መሪዎቻቸው የተገደሉበት፣ ሰፈሮቻቸው የነደዱበት ጊዜ ገና አልበረደም ነበር ይሉናል። ትላልቆቹ የፊልም ኩባንያዎች ደግሞ ተመልካች ሸሽቷቸው ሊከስሩ ደርሰዋል። በዚህ መሐል ጥቁር አዘጋጆች በትንሽ ወጪ፣ ብዙውን በራሳቸው ጥረት፣ ጥቁር ጀግና ያለበትን ፊልም ሠርተው ሲያወጡ በየከተማው ጥቁሩ ሕዝብ ተሰልፎ ገባ። ኩባንያዎቹ ይህን ሲያዩ እነሱም ተሻሙበት፤ ፖሊሱ፣ ሌባው፣ ደም መጣጩ ቫምፓየር ሳይቀር ጥቁር ሆነ። ከጥቁሮቹ ወገን ግን የተቆጡ ብዙ ነበሩ። ልጆቻችንን የሴት ደላላና የሐሽሽ ነጋዴ አድርጋችሁ ትሸጡብናላችሁ፣ ትርፉንም የምትወስዱት እናንተው ናችሁ አሉ። ብላክስፕሎይቴሽን የሚለው ስም የወጣው ከዚህ ቁጣ ነው፤ ጥቁሩን መበዝበዝ ማለት ነው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ኩባንያዎቹ ወደ ሌላ ዓይነት ፊልም ዞሩ፤ ያ ሁሉ ተዋናይም ሥራ ፈትቶ ቀረ።

«ታዲያ ማን ነው ትክክል?» ብሎ የሚጠይቃቸው አይጠፋም። «የተቆጡት ልክ ናቸው» ይላሉ ጋሽ ይማም። «የተሰለፉትም ልክ ናቸው። እኔ ደሴ ላይ ከተሰለፉት ጋር ነበርኩ።» ደሴም በጊዜው ተሰልፋ ነበር። ጎረምሳው ጎፈሬውን አሳደገ፤ ልብስ ሰፊዎች ከጉልበት በታች የሚሰፋ ሱሪ ሲሰፉ ዋሉ። ጋሽ ይማም በዚህ ይቀልዳሉ፤ «ጎፈሬ እኮ የእኛ ነው። አሜሪካን ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ግን ማንም አላከበረው ነበር» ይላሉ።

ከዚያ ደርግ መጣ። ፊልሞቹ የኢምፔሪያሊስት ቆሻሻ ተብለው ቀሩ፤ ጎፈሬና ሰፊ ሱሪም ሰውን የሚያስጠረጥሩ ሆኑ። ከሲኒማ ቤቱ ደጅ አብረዋቸው ይሰለፉ ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጋሽ ይማም ራሳቸውን ተላጭተው ወደ ትውልድ አገራቸው፣ ወደዚህ ወደ ወሎ ቦረና ተመለሱ። ስለዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ ነግረውኝ አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ወድቆ፣ ከጅዳና ከጅቡቲ የሚመለሱ ሰዎች ቴሌቪዥንና ዴክ ይዘው መምጣት ሲጀምሩ፣ ጋሽ ይማም ከሻይ ቤቴ ጎን ቪዲዮ ቤት ከፈቱ። አንድ ተመላሽ ካመጣቸው ካሴቶች መካከል አንዱን ከተው ሲያዩ፣ ደሴ ላይ መጥረጊያቸውን ይዘው ያዩትን ሰውዬ አገኙት። ወደ እኔ መጥተው ከደጃፉ ቆሙ፤ ፊታቸው ልክ አልነበረም። «እነዚያ የፊልም ሰዎች የሞቱ መስለውኝ ነበር፣ አስካለ» አሉኝ። «እንዳሉ ናቸው። አንዲት ቀን አላረጁም። ያኔ አብረውኝ ያዩአቸው ልጆች ናቸው የሌሉት።» ሻይ ሰጠኋቸው። አልጠጡትም።

ቪዲዮ ቤቱን ለማታውቁት፤ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ መስኮቶቹ በብርድ ልብስ የተጋረዱ፣ በቀትር ጨለማ የሆነ አንድ ክፍል ነው። የእግር ሽታውን አላነሳውም። ጋሽ ይማም ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው፣ ሰው ሲናገር የፊልሙን ድምፅ ቀነስ አድርገው በማይክራፎን በአማርኛ ይናገራሉ፤ ሙዚቃው ሲመጣ ይለቁታል። የዚያ ሙዚቃ ባስ ግድግዳዬን አልፎ ብርጭቆዎቼን ያንቀጠቅጥ ነበር። በቅርብ ዓመታት እንኳ ከሻይ ቤቴ በረንዳ ተቀምጠው ልጆች በስልካቸው የአሜሪካ ራፕ ሲያጫውቱ ሲሰሙ፣ ጣታቸውን ያነሱና «ይቺን አውቃታለሁ፤ ይቺ የእኔ ዘመን ጊታር ናት። ቆርጠው ዘፈናቸው ውስጥ ከተቷት እንጂ አልሞተችም» ይላሉ። ልጆቹ በስልካቸው ሲፈትሹት እውነት ሆኖ ይገኛል።

መብራት ሲጠፋ ሌላው ቪዲዮ ቤት ሰውን ያስወጣል። ጋሽ ይማም ግን በጨለማው ውስጥ ታሪኩን ይቀጥላሉ፤ ፊልሙን በቃላቸው ያውቁታልና። ማንም ከወንበሩ አይነሳም። አንድ ሕግ ነበራቸው፣ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ አብሯቸው ይለዋል፤ «በእነዚህ ፊልሞች አክተሩ አይሞትም።» ምክንያቱንም ይናገራሉ፤ ከዚያ በፊት ጥቁሩ ቀድሞ የሚሞት ነበርና፣ እነዚህ ፊልሞች ያመጡት ትልቁ ነገር እስከ መጨረሻው ኖሮ፣ አሳዳጆቹን ጥሎ ሲሄድ ማሳየታቸው ነው።

ደግነታቸውን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ እኔ የማልረሳውን አንዱን ብቻ ልናገር። ከዐረብ አገር የተመለሱ ልጃገረዶች ነበሩ፤ በአሠሪዎቻቸው ተደብድበው፣ እጃቸው በዘይት ተቃጥሎ፣ ሰው ቀና ብለው ማየት ትተው የመጡ። ጋሽ ይማም አንድ ሐሙስ ከሰዓት ቤቱን ለእነሱ ብቻ ከፈቱ። «አስካለ፣ በሩን ያዢልኝ፤ ወንድ እንዳይገባ» አሉኝ። ያሳዩአቸው ሴት አክተር ያለችበትን ፊልም ነበር፤ ሽጉጥ ታጥቃ ክፉዎቹን አንድ በአንድ የምትበቀል ጎፈሬያም ሴት። በፊልሙ ውስጥ ልጃገረዶችን የምትበድል አንዲት ባለጸጋ ነበረች፤ ጋሽ ይማም ስሟን ለወጡና፣ የዐረብ አገር አሠሪ እንደምትጠራው፣ «ማዳም» አሏት። ልጆቹ መጀመሪያ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ጎፈሬያሟ ማዳምን ከፎቅ ስታወርዳት ግን ከጨለማው ውስጥ አንዷ ቀስ ብላ «ጨምሪላት» አለች። ከዚያ ሌላዋ። ሲወጡ ከሻይ ቤቴ ተቀምጠው ሳቁ፤ አንዳንዷም አለቀሰች። ሐሙስ ከዚያ ወዲያ የእነሱ ቀን ሆኖ ቆየ።

አሁን ወደ ሰይድ ልምጣ። ስለ ጋሽ ይማም ጽፎ ሰይድን መዝለል አይቻልም።

ሰይድ የእማማ ዘሀራ አንድ ልጅ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ከተከፈተ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከጋሽ ይማም ጋር መሥራት ጀመረ። እሳቸው የሌላውን ሁሉ ድምፅ ሲናገሩ፣ አክተሩን የሚናገረው ሰይድ ነበር። ድምፁ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የቃሉን መጨረሻ የሚጎትት ነው፤ ከመናገሩ በፊት አጭር ሳቅ ይቀድመዋል። እነዚያ ባለካፖርት ሰዎች በእኛ ከተማ የሚናገሩት በዚህ ድምፅ ነበር። አንድ ክረምት ሰይድ በባሕር ወደ ሳዑዲ ሊሄድ ተነሣ። ጋሽ ይማም ለመኑት። «ደርሼ እደውላለሁ ጋሼ፣ አብሽሩ» ብሎ ስቆ ሄደ።

አልደወለም። ቪዲዮ ቤቱ ያለ እሱ ድምፅ ቀዘቀዘ፤ ሰዉ አጉረመረመ። አንድ እሑድ፣ እማማ ዘሀራ ወሬ የሰማሁ እንደሆነ ሊጠይቁኝ ከሻይ ቤቴ መጥተው ተቀምጠዋል። ከግድግዳው ወዲያ ፊልሙ ተጀመረ። አጭር ሳቅ ተሰማ፣ ከዚያም ያ የሻከረ ድምፅ። እማማ ዘሀራ ብርጭቆውን አስቀመጡና «ልጄ መቼ ነው የመጣ?» አሉኝ። እኔም ራሴ ጸጉሬ ቆሞ ነበር። እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸውና መጋረጃውን ገለጥኩት። ማይክራፎኑን ይዘው የቆሙት ጋሽ ይማም ናቸው። እማማን ሲያዩ ድምፃቸው ተቆረጠ። እማማ ዘሀራ ግን በእጃቸው ቀጥል አሏቸውና ከመጨረሻው አግዳሚ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ እሑድ ቀርተው አያውቁም።

እኔ አልወደድኩትም፤ ነገርኳቸውም። «ጋሽ ይማም፣ ይህ ነገር ደግ አይደለም። ሴትዮዋ ፊልም አይደለም የሚያዩት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚቀመጡት» አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉኝ። «ልጇ እስኪደውል ነው። እስከዚያ አደራ ይዤላት ነው።» ድምፅ አደራ ይያዛል ወይ ብዬ ተቆጣሁ።

ከወረኢሉ አውቶቡስ አንድ ተመላሽ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። የሰይድን ቤተ ሰብ ሲጠይቅ ሰዎች ወደ ጋሽ ይማም መሩት፤ በሻይ ቤቴ የውስጥ ክፍል ተቀመጥን። ልጁ ቀና ብሎ አላየንም። «ጀልባዋ ስትገለበጥ አብረን ነበርን። ዳር የደረስነው ጥቂት ነን። ሰይድ ዋና አያውቅም» አለ። «በነጋታው የባሕሩ ዳር ሰዎች ሲቀብሩት ቆሜ ነበር።» ጋሽ ይማም ልጁን አቅፈው «አንተ እንኳን ተረፍክ» አሉት።

መርዶ ወግ አለው። በማለዳ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፤ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ወገብ የሚይዙ ጎረቤቶች ይከተላሉ፣ ነገሩ ቀስ ተብሎ ይነገራል። ሽማግሌዎቹ ተመካክረው፣ ራቅ ያለው ዘመድ እስኪደርስ ብለው ለሰኞ ማለዳ ቀጠሩት። በመሐሉ እሑድ አለ። ጋሽ ይማም ቤቱን ሊዘጉት ፈለጉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን «ከዘጋህ ትጠረጥራለች፤ አንድ ቀን ነው፣ ቻለው» አሏቸው።

እሑድ እማማ ዘሀራ እንደ ልማዳቸው መጡ። የዚያን ቀኑ ፊልም አክተሩ ከአሳዳጆቹ የሚሸሽበት ነው፤ መጨረሻው ላይ አንድ ትልቅ ወንዝ ያገኛል፣ ተሻግሮ ያመልጣል። ጋሽ ይማም በሰይድ ድምፅ ተናገሩ፤ ግን ድምፁ ይቆራረጥባቸው ነበር። እኔ ከመጋረጃው አጠገብ ቆሜአለሁ። ሰውየው ሮጦ ከውሃው ዳር ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ጋሽ ይማም እንደወትሮው በጨለማው ውስጥ መቀጠል ነበረባቸው። አልቀጠሉም። ሰዉ ሁሉ ጠበቀ። መብራት ሲጠፋ ማይክራፎኑም ስለሚጠፋ፣ የሚሰማው የሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከመጨረሻው አግዳሚ የእማማ ዘሀራ ድምፅ መጣ፤ ከልጃቸው ጋር እቤታቸው እንደሚያወሩ፣ ረጋ ብለው ነው የተናገሩት።

«ሰይድ፣ ውሃውን ተሻገርክ ወይ?»

ማንም አልሳቀም። ጎረምሳ በሞላበት ቤት አንድ ሰው እንኳ አልሳለም። ከዚያ ያ አጭር ሳቅ የሌለበት፣ የሻከረውና የሚጎትተው ድምፅ ከጨለማው ወጣ።

«አልተሻገርኩም እማ።»

እኔ ያን ድምፅ ሰምቻለሁ። ጋሽ ይማም ከዚያ በፊት ሲያስመስሉም ሰምቻለሁ፤ ያን ቀን የሰማሁት ግን ማስመሰል አልነበረም። ይህን የምለው እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በእንዲህ ያለ ነገር ሳላምን የኖርኩ ሴት ነኝ። እማማ ዘሀራ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። አንድ ሰው ከመስኮቱ ላይ ብርድ ልብሱን ገፈፈው፤ የቀትር ብርሃን ገባ። ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ቆሟል። እማማ ዘሀራ ማንም ሳይደግፋቸው ወጡና ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ፤ ፊልም ሊያይ የመጣው ሁሉ ከኋላቸው ተከተለ። ቤታቸው ደርሰን ተቀመጥን። ድንኳን እስኪመጣ ግቢው በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። በነጋታው ሰላተል ጋይብ፣ ጀናዛው ለሌለ ሟች የሚሰገደው ሶላት፣ ተሰገደለት።

ሽማግሌዎቹ ተቆጡ። «መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ በሟች አፍም አይነገርም» ብለው ጋሽ ይማምን ጠርተው ወቀሷቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና እንዲህ አሉ፤ «ልክ ናችሁ። ግን ጠየቀችኝ። በልጇ ድምፅ ልዋሻት?» ከተማውም ለሁለት ተከፈለ፤ ሻይ ቤቴ ውስጥ ስንት ጊዜ በዚህ ነገር ሰው ሊጣላ ሲል ገላግያለሁ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ይማም አክተሩን ተናግረው አያውቁም። የሌላውን ሁሉ ይናገራሉ፤ ባለካፖርቱ አፉን ሲከፍት ግን ማይክራፎናቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሰውየው በገዛ እንግሊዝኛው ይናገራል፣ እኛም ሳይገባን እንሰማዋለን። «ሕጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አሉኝ አንድ ቀን፤ «አክተሩ አይሞትም ብዬ ነበር።» ቀስ በቀስ ስልኩም መጣ፣ ቤቱም ተዘጋ። ዛሬ ክፍሉ የእህል መጋዘን ነው።

ያ ድምፅ ግን ከእሳቸው አልወጣም። እሳቸው አያውቁትም እንጂ፣ ከዓመት ዓመት የራሳቸው ንግግር መጨረሻው እየተጎተተ ሄደ። ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት ያ አጭር ሳቅ ይቀድማቸው ጀመር። ጀርባዬን ሰጥቼ ብርጭቆ ሳጥብ ከበረንዳው ሲጠሩኝ እደነግጥ ነበር። አልነገርኳቸውም።

እማማ ዘሀራ ከሰይድ ለቅሶ በኋላ ለጋሽ ይማም ሰላምታ እንኳ ሰጥተዋቸው አያውቁም። ጋሽ ይማምን ከበረንዳዬ ተቀምጠው ካዩአቸው መንገድ ይቀይራሉ። ጋሽ ይማም ዓይናቸው እየተከተላቸው «ዘሀራ ደህና ናት?» ብለው ይጠይቁኛል። ደህና ናቸው እላቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ውሃ ለመቅዳት በጓሮዬ በር በኩል ይመጣሉና አያቸዋለሁ። ያረጁ ስለመሰለኝ አዝንላቸው ነበር። ጀሪካናቸው ሞልቶ እየፈሰሰ እሳቸው ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ቧንቧውን የምዘጋላቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ይማም በሕመማቸው ጊዜ «ዘሀራ አፉ ሳትለኝ፣ ይቅር ሳትለኝ ልሄድ ነው» ብለውኝ ነበር። እማማ ዘሀራ ዘንድ ሄጄ ልለምንልዎት ስላቸው ግን እምቢ አሉ፤ «በልመና የመጣ አፉታ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ።

በጋሽ ይማም ለቅሶ በሦስተኛው ቀን እማማ ዘሀራ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ሰው ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላቸው። ከእኔ አጠገብ ተቀመጡና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገሩ።

«ያን ቀን አውቄ ነው የጠየቅኩት፣ አስካለ። ጎረቤቱ ዓይኔን መሸሽ ከጀመረ ቀናት ሆኖት ነበር። ሽማግሌ ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ከራሱ አፍ ልስማ ብዬ ነው። ይማም አደራዬን መለሰልኝ።»

«ታዲያ ለምን ሸሹአቸው?» አልኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ እንደነበር የገባኝ ሰው ሲዞር ነው።

«መች ሸሸሁ» አሉኝ። «ፊቱን ካየሁማ የይማም ነው። ከጓሮሽ ስቆም ግን ሰይድ ነው። ብነግረው ይጠነቀቅ ነበር፤ ወላሂ ይጠነቀቅ ነበር። ሳያውቀው ሲያወራ ነው ልጄ የሚመጣ።» ምርኩዛቸውን ወደ እቅፋቸው ሳብ አድርገው «አሁን ሁለቱም ሄዱብኝ» አሉ።

ጋሽ ይማም፤ ዛሬ ማለዳ እማማ ዘሀራ ውሃ ሊቀዱ መጥተው ነበር። ጀሪካኑ ሲሞላ ወዲያው ዘጉት። በረንዳው ላይ ማንም አልነበረም። ግድግዳዬም ዝም ካለ ቆይቷል፣ እኔ ግን እስከ አሁን ቀና እያልኩ አዳምጣለሁ። በሕይወት ሳሉ ብዙ ተከራክሬዎታለሁ፤ ድምፅ አደራ አይያዝም ያልኩዎትን ትቼዋለሁ። ሰይድን ካገኙት ሰላም ይበሉልኝ፤ የእናቱን ጥያቄ በእውነት እንደመለሱለት ይንገሩት። አፉታ አላገኘሁም ብለው ግን አይተኙ። ያ ሁሉ ዓመት እርስዎ ከበረንዳው ሲያወሩ፣ ከጓሮው ያ ጀሪካን ሞልቶ ይፈስ ነበር።